ብልቃጡን ማን ይክፈተው?



አዘጋጆቹ «ስለ ነርሶች የአመራር ክህሎት ተናገሪ» ሲሉኝ ስለ ዕቅድና ስለ ስብሰባ የማወራ መስሏቸው ይሆናል። እኔ ግን የማወራው ስለ አንድ ብልቃጥ ነው።

የኩፍኝ ክትባት ብዙውን ጊዜ ለ10 ሕፃናት በሚበቃ ብልቃጥ ይመጣል። ከተበጠበጠ በኋላ በ6 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ካላለቀ የተረፈው ይደፋል። እንግዲህ ጤና ኬላው ላይ በዕለቱ የመጡት ሁለት ልጆች ናቸው እንበል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ብትከፍተው የስምንት ልጅ ክትባት ይባክናል፤ ሪፖርቱ ላይም ይታያል። ባትከፍተው እናቶቹን «ማክሰኞ ተመለሱ» ትላለች። ሁለት ሰዓት በእግሯ የመጣች እናት ማክሰኞ ትመለሳለች?

የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ለአንድ ልጅም ቢሆን ይከፈት የሚል ነው። ወረቀት ላይ ያለ ምክር ግን ከሚቆጣ አለቃ አያድንም። የሚያድነው ጤና ጣቢያው ላይ ያለችው ነርስ «ክፈቺው፤ ስለ ብክነቱ የምጠየቀው እኔ ነኝ» ስትላት ነው። ለእኔ የነርስ አመራር ይሄ ነው። በአፍ ብቻም አይሆንም፤ የክትባቱን ቀን ከገበያ ቀን ጋር አስማምታ ልጆቹ በአንድ ቀን እንዲመጡ ማድረግ የእሷ ሥራ ነው።

ሌላው ቁጥር ማንበብ ነው። በየወሩ እንልከዋለን እንጂ አናነበውም። ፔንታ 1 የወሰዱት 200፣ ፔንታ 3 የወሰዱት 150 ከሆኑ 25 በመቶው መንገድ ላይ ቀርተዋል ማለት ነው። ከ10 በመቶ ካለፈ አገልግሎታችን ላይ ችግር አለ። እነዚህ እናቶች አንዴ መጥተው ነበር እኮ! «ግንዛቤ የላቸውም» ማለት አያዋጣም። ባለሙያዋ ሥልጠና ሄዳ ኬላው ተዘግቶ ይሆን? ልጁ ሊያተኩሰው እንደሚችል ሳይነገራቸው ቀርቶ ደንግጠው ይሆን?

በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት የማኅበረሰብ ነርሶች ከጤና መኮንኖችና ከሳኒቴሪያኖች ጋር በአንድ ቡድን ነበር የሠለጠኑት። ነርስ የሕዝብ ጤና ላይ እንግዳ አይደለችም።

መምህራን ሆይ፣ ልመናዬ አጭር ነው። የመጨረሻ ዓመት ተማሪ አንድ ጤና ኬላ ይሰጠው። የክትባት መዝገቡን ከቤተሰብ ማኅደሩ ጋር ያመሳክር፤ ያቋረጡትን ልጆች ስም ይዞ ከባለሙያዋ ጋር ቤት ለቤት ይሂድ፤ ያገኘውን ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ራሱ ያቅርብ። ኃላፊው ፊቱን ሲያጠቁርበት ምን እንደሚመልስም ያኔ ይማራል።

ጤና ጣቢያ የምትመሩ ተመራቂዎች እዚሁ አዳራሽ ውስጥ አላችሁ። ተማሪ ለመቀበል ፈቃደኛ የሆናችሁ ከሻይ በኋላ መምህራኑን አነጋግሩልኝ።