የወሩን ቀለብ ለወሩ ማድረስ

በጋምቤላ ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተሰጠ ንግግር



ዛሬ እንድናገር የተሰጠኝ ርእስ የሳምንት የምግብ ዕቅድ ነው። አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ «ምን ኖሮን ነው የምናቅደው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነውና ከእርሱ ልጀምር።

በሰኔ ወር 2015 ዓ.ም. የዓለም ምግብ ፕሮግራም የእርዳታ እህል ከታሰበለት ሰው ውጭ እየወጣ መሆኑ በመታወቁ እደላውን በመላው ኢትዮጵያ አቁሞ ነበር። ለስደተኞች እንደገና የተጀመረው በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ከዚያም በፊት ቢሆን ራሽኑ በገንዘብ እጥረት ተቀንሶ ነበር። በኩሌ፣ በቴርኪዲ፣ በጀዊና በፑኝዶ ያሉ ቤተሰቦች እነዚያን ወራት እንዴት እንዳሳለፉ ከእናንተ ብዙዎቹ ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ። ያን ችግር ያመጣው የእናቶች አያያዝ ጉድለት አልነበረም። ባዶ ከረጢት በዕቅድ አይሞላም። ዕቅድ የሚጠቅመው ጥቂት ሲኖር ነው፤ ጥቂቱ ግን ያለ ዕቅድ ፈጥኖ ያልቃል።

ነገሩ የሚሆነው እንዲህ ነው። እህሉ የመጣ ሰሞን ቤቱ ይጠግባል። ለወፍጮ የሚከፈል ገንዘብ ስለሌለ ከእህሉ ላይ ይሸጣል፤ ለሳሙናም ይሸጣል። በመጨረሻው ሳምንት ልጆች በቀን አንድ ጊዜ ይበላሉ። ትንሽ ልጅ ደግሞ ሆዱ ትንሽ ስለሆነ በመጀመሪያው ሳምንት የበላው ለአራተኛው አይቆይለትም። ክብደቱ የሚወርደው ያን ጊዜ ነው።

እስቲ ለወፍጮ ከሸጠ በኋላ 40 ኪሎ በቆሎ የቀረውን አንድ ቤተሰብ እናስብ። ለየሳምንቱ 9 ኪሎ ቢመድብ አራቱ ሳምንት 36 ኪሎ ይወስዳል፤ 4 ኪሎ ይተርፋል። ከዚህም 2 ኪሎ ተኩል ያህሉ ወሩን 30 ለሚሞሉት ሁለት ቀኖች ይሆናል። የቀረው 1 ኪሎ ተኩል የእንግዳ ድርሻ ነው።

የእንግዳን ድርሻ ሆን ብዬ አነሣሁት። በአኙዋም ሆነ በኑዌር ቤት ዘመድ ሲመጣ «እህሉ ተለክቷል» ተብሎ አይመለስም። እንግዳ ያልታሰበበት ዕቅድ በዚህ አገር አንድ ሳምንት አይዘልቅም፤ እንዲዘልቅም አልመኝም። ስለዚህ እንግዳውን አስቀድመን እንቁጠረው።

አሠራሩ ቀላል ነው። እህሉ በገባበት ቀን ለአራት ከረጢት ክፈሉትና ሦስቱን እሰሩ፤ ትርፉን ለብቻው አኑሩ። ለመለኪያ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ጣሳ ያዙ። ከማሰራችሁ በፊት ግን በቆሎው በደንብ መድረቁን እዩ። ርጥብ እህል ይሻግታል፤ ከሻጋታውም አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይወጣል። ይህ መርዝ ጉበትን ይጎዳል፤ በመቀቀልም አይጠፋም። የሻገተውን ለላም እንኳ አትስጡ፤ መርዙ በወተቷ ተመልሶ ወደ ልጆቻችሁ ይመጣል። ለነቀዝ ደግሞ አየር የማያስገባው የእህል ከረጢት መልካም ነው፤ ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል። አባቶቻችን «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» ያሉት ለእህልም ይሠራል።

አሁን ደግሞ ደመወዝ ወደምንቀበለው ወደ እኛ ልምጣ። እኔ ራሴ ጋምቤላ በመጣሁ ጊዜ «ርካሽ ነው» ብዬ የሳምንት ቲማቲም በአንድ ቀን ገዛሁ። በሦስተኛው ቀን ከግማሽ በላይ ጣልሁት። በበጋ ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚያልፍበት ከተማ ርካሽ ዕቃ ቤት ገብቶ ይወደዳል። ስለዚህ የሳምንቱን ምግብ በሚበላሽበት ፍጥነት ደርድሩት። የባሮ ዓሣና ቅጠላ ቅጠል በተገዙበት ቀን ይበሰሉ፤ ሽንኩርትና ዱባ ለሳምንቱ አጋማሽ ይቆዩ፤ ደረቅ ዓሣ፣ የደረቀ ባሚያና ምስር ለመጨረሻዎቹ ቀኖች ይሁኑ። የተረፈ እንጀራ ሳይሻግት ድርቆሽ ይሁን። በማንጎ ወቅት ከዛፍ ሥር የሚበሰብሰውን ፍሬ በንጹሕ ቢላዋ ስስ አድርጋችሁ ቆርጣችሁ አድርቁት። የበሰለ ምግብ ግን ከ32 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ከአንድ ሰዓት በላይ እንዳይቀመጥ ይመከራል። ለቁጠባ ብላችሁ የተበላሸ ወጥ ለልጅ አትስጡ፤ ሐኪም ቤት ከድስት ይልቅ ያስከፍላል።

የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ፣ በ2022 በዓለም ላይ ከአንድ ቢሊዮን ቶን የሚበልጥ ምግብ ባክኗል፤ ከዚህም 60 በመቶ ያህሉ የባከነው በየሰው ቤት ነው። ይህን ስሰማ ያሰብሁት የእኛን የሥልጠና ምሳና የጉባኤ ድግስ ነው። ለተጠራው ሰው ቁጥር እናዝዛለን፤ የሚመጣው ግን ያነሰ ነው። የተረፈው እስከ ማታ ቆይቶ ይጣላል። ስለ ቁጠባ ያስተማርናት እናት ይህንን በደጃችን ስታልፍ ታያለች። ከዛሬ ጀምሮ ለምሳ የምናዝዘው ጠዋት የተገኘውን ሰው ቆጥረን ይሁን፤ የሚተርፈውም ሳይቀዘቅዝ የሚወስደው ሰው አስቀድሞ ይመደብ።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ጌታችን 5,000 ሰዎችን በአምስት እንጀራና በሁለት ዓሣ ከመገበ በኋላ የተረፈውን አሰበሰበ፤ 12 መሶብም ሞላ። ማብዛት የሚችለው እርሱ ቍራሹን ካልናቀ እኛ ልንንቀው አይገባም።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። በዚህ ሳምንት በየቤታችሁ የተጣለውን ምግብና ምክንያቱን በወረቀት ጻፉ፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ይዛችሁ ኑ። እኔም የራሴን ይዤ እመጣለሁ። ዕቅዳችንን ከዚያ ወረቀት እንጀምራለን።

እግዚአብሔር ማዕዳችሁን ይባርክ።