ስሜ በውሉ ላይ የለም

(በቤሩት በእሑድ የእህቶች ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)

ውድ እህቶቼ፣ በሳምንት ያለቻችሁ አንድ የዕረፍት ቀን ናት፤ እሷን ይዛችሁ እዚህ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።  ቡናው እስኪፈላ ስለ ቤት እንነጋገር። ስለ ማዳም ቤት አይደለም፤ ስለ ራሳችን ቤት ነው። በዶራ፣ በቡርጅ ሐሙድ፣ በናብዓ ሦስትም አራትም ሆነን ስለምንከራያት አንዲት ክፍል ነው።

ወደ እኔ የሚመጡ እህቶች ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ይነግሩኛል። «ደባሌ አስወጣችኝ» ይላሉ።

«ስንት ጊዜ አብራችሁ ኖራችሁ?» እላለሁ።

«ሁለት ዓመት።»

«ኪራይ ትከፍዪ ነበር?»

«አንድም ወር አላጓደልኩም።»

«ታዲያ ስታስወጣሽ ምን አልሻት?»

«ምን እላታለሁ? ስሜ በውሉ ላይ የለም።»

ዛሬ የመጣሁት ስለዚህች አንዲት ቃል ልናገር ነው። ስምሽ በውሉ ላይ አለመኖሩ አቅምሽን ይቀንሰዋል፤ ሰው መሆንሽንና መብትሽን ግን አያጠፋውም። ሁለቱን ለይተን እንወቅ።

መጀመሪያ እዚህ ውስጥ እንዴት እንደምንገባ እናስታውስ። ማዳም ቤት ስንኖር አልጋችን ከሥራው ጋር የተያያዘ ነው። ሥራው ሲያልቅ አልጋውም ያልቃል። የ1946ቱ የሊባኖስ የሥራ ሕግ በሰው ቤት የምንሠራውን በ7ኛው አንቀጽ ከነጭራሹ ስላወጣን፣ በዚያ በኩል የሚከራከርልን የለም። ከማዳም ቤት ወጥተን ፍሪላንስ ስንሆን ደግሞ ክፍል እንፈልጋለን። ባለቤቱ ኢቃማ ያላት አንድ ሰው ይፈልጋል። ከመካከላችን ወረቀት ያላት ትፈርማለች፤ ሌሎቻችን በየወሩ ድርሻችንን ለእሷ እንሰጣለን። እንዲህ ሆኖ አንዷ ባለ ውል፣ ሌሎቹ ደባል ይሆናሉ። የሚፈርም ሰው ባይኖር ሁላችንም ውጭ እናድር ነበርና በዚህ የሚያሳፍር ነገር የለም።

አሁን ሕጉን እንይ። በዚህች ክፍል ጉዳይ ሦስት ሰዎች አሉ፦ ባለቤቱ፣ ውል የፈረመችው እህት፣ እና ደባሏ።

ከባለቤቱ እንጀምር። የቤት ኪራይ ሕጉ፣ ማለት በ1992 የወጣው ቁጥር 159፣ ተከራይ እስከ ሦስት ዓመት እንዲቆይ ይፈቅዳል፤ በወረቀቱ ላይ አንድ ዓመት ተብሎ ቢጻፍም። ባለቤቱ ተከራይን ማስወጣት ቢፈልግ ምክንያቱን ይዞ ፍርድ ቤት ይሄዳል። አስወጡ ብሎ የሚያዝዘው ዳኛ ብቻ ነው። ናጡሩ በር ስለደበደበ፣ የባለቤቱ ልጅ ስለጮኸ፣ ወይም ውሃና መብራት ስለተቆረጠ ተባረሽ ማለት አይደለም። በሊባኖስ የወንጀል ሕግ፣ መብት አለኝ የሚል ሰው ዳኛ ፊት መቅረብ ሲችል በገዛ እጁ በጉልበት ማስፈጸም ያስቀጣዋል።

ቀጥሎ ውል የፈረመችው እህትና አንቺ። በእናንተ መካከል ወረቀት ላይኖር ይችላል። ነገር ግን አልጋ ሰጥታሻለች፣ ገንዘብ ተቀብላሻለች። የቃል ስምምነትም ስምምነት ነው። የሚቸግረው ማስረጃው ነው። የከፈልሽበት ወር የአንቺ ወር ነው። መያዣ ብለሽ ያስቀመጥሽው ገንዘብ የአንቺ ገንዘብ ነው። ሻንጣሽ፣ ፍራሽሽ፣ ከሁሉ በላይ ፓስፖርትሽ የአንቺ ነው። ዕዳ ቢኖርብሽ እንኳ ዕዳው ገንዘብ ነው፤ ሻንጣሽን ይዛ የምታስቀርበት መብት የላትም።

አሁን ደግሞ ደስ የማይለውን ልናገር፤ ብደብቃችሁ እበድላችኋለሁ። ደባል በባለቤቱ ፊት የቆመችው በሌላዋ እግር ነው። ባለ ውሏ አገር ቤት ብትገባ፣ ኪራይ ሳትከፍል ብትቀር፣ ወይም በውሉ ላይ «ሌላ ሰው ማስገባት ክልክል ነው» የሚል ቃል ቢኖር፣ አንቺ በዚያ ቤት እኖራለሁ ብለሽ ባለቤቱን መከራከር ይከብድሻል። ባለቤቱ ራሱ የሚያውቅሽና ኪራዩን ከእጅሽ የሚቀበል ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል፤ ተከራይ መሆንሽን የሚያሳይ መነሻ አለሽ ማለት ነው። ኢቃማሽ የተቃጠለ ከሆነ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። ስለ ቤትሽ ለመክሰስ መኽፈር ሄደሽ ስለ ኢቃማሽ ልትያዢ ትችያለሽ። ስለዚህ ወረቀት የሌላት እህት ብቻዋን ወደ ፖሊስ ከመሄዷ በፊት ወደ እኛ ትምጣ፤ ከሕግ ባለሙያ ጋር ተመካክረን እንሂድ። ለሕይወቷ የሚያሰጋ ነገር ካለ ግን አትጠብቅ፤ 112 ትደውል።

እህቶቼ፣ ይህን ሁሉ የምናገረው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። እኔም ባለ ውል ነበርኩ።

ዘመኑ 2020 ነበር። ታስታውሱታላችሁ። 1,500 ሊራ የነበረው ዶላር በሐምሌ ወር በገበያ ከ7,000 ሊራ በላይ ወጣ። ኮሮና ነበር። ደመወዝ መክፈል ያቃታቸው አሠሪዎች እህቶቻችንን በመኪና አምጥተው ቆንስላችን በር ላይ ከነሻንጣቸው ሲጥሏቸው በዓይናችን አየን። እኛ አራት ሆነን በናብዓ አንዲት ክፍል ነበረችን፤ ውሉ በእኔ ስም ነው። ባለቤቱ ኪራዩን በዶላር ካልሆነ አልቀበልም አለ። ከመካከላችን አንዷ፣ ከእኔ በዕድሜ የምታንስ ልጅ፣ የምታጸዳቸው ቤቶች ሁሉ ኮሮና ፈርተው አትምጪ አሏት። አንድ ወር አልከፈለችም፤ ዝም አልኩ። ሁለተኛውን ወርም አልከፈለችም።

አንድ ማታ ባለቤቱ በር ላይ ቆሞ ሰደበኝ። እሱ ሲሄድ ንዴቴን ይዤ ወደ እሷ ዞርኩ። «ውሉ በስሜ ነው፤ ውጪልኝ» አልኳት። ልብሷን በፌስታል ጠቅልዬ ደረጃው ላይ አስቀመጥኩ። ሌሎቹ ሁለቱ ዝም አሉ፤ ነገ የእነሱ ተራ እንዳይሆን ፈርተው ነው። ልጅቷ አልጮኸችም፣ አልለመነችኝም። ፌስታሉን አንስታ፣ «ማዳም እንኳን ስታባርረኝ እስኪነጋ ጠብቃኛለች» ብላኝ ወረደች።

በሩን ዘጋሁ። ያን ሌሊት አልተኛሁም፤ ግን ወርጄም አልፈለግኳትም። ሲነጋ ብፈልጋት አጣኋት። በኋላ እንደሰማሁት ሁለት ሌሊት አንድ ሕንጻ ሥር፣ ከጀነሬተሩ አጠገብ አድራለች። ምን ሊደርስባት ይችል እንደነበር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አንዲት የጎጃም እናት አግኝታ ቤቷ አስገባቻት። ከወራት በኋላ ይቅርታ ልጠይቃት ሄድኩ። ይቅር ብላኛለች። እኔ ግን ያቺን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳኋትም፤ ወደዚህ የምክር ሥራ ያመጣችኝም እሷ ናት።

በኋላ ስለ አጋር ሳነብ ራሴን አገኘሁት። ሙስሊም እህቶቼም ሃጀርን ታውቋታላችሁ። አጋር የሰው ቤት ሠራተኛ ነበረች፤ ከልጇ ጋር እንጀራና አንድ አቁማዳ ውሃ ብቻ ይዛ ወደ ምድረ በዳ ተሰደደች። እግዚአብሔር ግን የልጇን ለቅሶ ሰማ፤ የውሃ ጉድጓድም አሳያት። ዱሮ ስሰማው ሁልጊዜ አጋርን እኔ ነኝ ብዬ ነበር የማስበው። አስወጧት ያለችው ሣራም በሰው አገር የኖረች፣ በግብፅ ስደትን የቀመሰች ሴት መሆኗን ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። ስደትን መቅመስ ብቻውን ሰውን ሩኅሩኅ አያደርገውም። የተበደለ ሰው በተራው ሊበድል ይችላል። በቁልፍ የተጫወተብንን ሰው እያማረርን፣ እኛም ቁልፍ ሲገባን እንደሱ እንሆናለን።

ስለዚህ ዛሬ ከዚህ ስንወጣ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ በመካከላችሁ ትንሽ ወረቀት ጻፉ። በአማርኛ ይሁን፣ ችግር የለውም። በክፍሏ ስንት ሰው እንደሚኖር፣ የእያንዳንዷ ድርሻ ስንት እንደሆነ፣ መያዣ ማን ስንት እንደሰጠ፣ ፍሪጁና ምድጃው የማን እንደሆኑ ጻፉ። አንዷ ብትወጣ ወይም ብታስወጡ ከስንት ቀን በፊት መነገር እንዳለበት ተስማሙ፤ እኔ አንድ ወር ይሁን እላለሁ። ሁላችሁም ፈርሙ፤ ሁለት ምስክር ጨምሩ። የዕቁባችሁ ጸሐፊ ብትሆን መልካም ነው። ሁላችሁም በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። «እህትማማች ሆነን ወረቀት ለምን?» የምትል አትጠፋም። ዕቁብ ስንጥል እንጽፍ የለ? ወረቀቱ እህትነታችንን ይጠብቃል እንጂ አያፈርሰውም።

ሁለተኛ፣ በከፈልሽ ቁጥር ማስረጃ ያዢ። ደረሰኝ ከሌለ በዋትሳፕ «የዚህን ወር ድርሻዬን ይህን ያህል ሰጥቼሻለሁ» ብለሽ ጻፊላት፤ «ደርሶኛል» ትበልሽ። የድምፅ መልእክትም ቢሆን አታጥፊው። መጻፍ የማትችይ ከሆነ በድምፅ ላኪ።

ሦስተኛ፣ የፓስፖርትሽንና የኢቃማሽን ፎቶ አገር ቤት ላለ ለምታምኚው ሰው ላኪ። ዋናዎቹን ከመድኃኒትሽ ጋር በአንድ ትንሽ ቦርሳ አድርጊና ሁልጊዜ በምታገኚበት ቦታ አስቀምጪ።

አራተኛ፣ ዛሬ ማታ «ውጪ» ብትባዪስ? አትደባደቢ፣ ዕቃም አትስበሪ። «እስኪነጋ ልቆይ፣ ነገ ሰው ባለበት እንነጋገር» በያት። ሁለታችሁም የምታከብሯት ታላቅ እህት ካለች እዚያው ደውዪላት። የዕቃሽን ፎቶ አንሺ። መቆየቱ አደጋ ካለው ግን ትንሿን ቦርሳ ይዘሽ ውጪ፤ ዕቃው በኋላ ይመጣል። ለማን እንደምትሄጂ ዛሬ፣ ሳይቸግርሽ፣ አስቢበት። በማግሥቱ ወደ እኛ ነይ። መያዣሽንና ዕቃሽን እንድትመልስ ባለ ውሏን ጠርተን እንነጋገራለን፤ ብዙ ጊዜ በሽምግልና ያልቃል።

አምስተኛው ለባለ ውሎች ነው፤ እንደ እኔ ለነበራችሁ። ሸክማችሁ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ባለቤቱ የሚጮኸው በእናንተ ላይ ነው፤ የጎደለውን የምትሞሉት እናንተ ናችሁ። ለማትከፍል ሰው ዕድሜ ልክ ክፈሉላት አልልም። ደባላችሁ እንድትወጣ መጠየቅ ትችላላችሁ። ግን በቀን ይሁን፣ በተስማማችሁት ጊዜ ይሁን፣ ምስክር ባለበት ይሁን። መያዣዋን መልሱ። ዕዳ ካለባት ጻፉት፤ ሥራ ስታገኝ በትንሽ በትንሹ ትክፈል። ሻንጣዋን አትያዙ። ቁልፍ በሌሊት አትቀይሩ። እናንተም ከመቸገራችሁ በፊት፣ ገና አንድ ወር ሲጎድል፣ ወደ እኛ ኑ። እኔ ያኔ በመጀመሪያው ወር ለሰው ብናገር ኖሮ ምናልባት አራታችንም እዚያች ክፍል እንኖር ነበር።

ሁለቱ ዝም ያሉት ደባሎቼም አሉ። እናንተም በዚያ ቦታ ላይ ብትሆኑ፣ «ተይ፣ ይንጋ» በሉ። ያን ሌሊት ይህን የሚለኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ።

እህቶቼ፣ እዚህ አገር ብዙ ወረቀት ላይ ስማችን የለም። ቢያንስ እርስ በርሳችን በምንጽፋት ትንሽ ወረቀት ላይ የሁላችንም ስም ይኑር። አሁን ቡናው ደርሷል። ከቡና በኋላ ብዕርና ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አለ፤ በአንድ ክፍል የምትኖሩ አብራችሁ ተቀመጡ፤ እኔም እየዞርኩ አግዛችኋለሁ። እግዚአብሔር ይጠብቃችሁ፣ ለቤታችሁም ሰላም ይስጥልን።