ከጠመጠሙ በኋላስ?

(የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ያሰሙት ንግግር)



 አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። ምክሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን የጠመጠመ ሰው መማሩን ይተው የሚል ቃል በውስጡ አይገኝም። እኛ ግን ሥዕልም፥ ዜማም፥ ግጥምም የልጅነት ጨዋታ እንደ ሆኑና ሰው ሥራ ከያዘ በኋላ ሊተዋቸው እንደሚገባ አድርገን እናስባለን።

ይህን የምንለው በሌላ ሰው ላይ ለመፍረድ አይደለም። ባለፈው ክረምት ከመካከላችን በአንዱ ቤት ለጥናት አምሽተን ሳለ፥ አባቱ ሁላችንም የተኛን መስሏቸው ከጓሮ ተቀምጠው ክራር ሲለማመዱ አገኘናቸው። እርሳቸው ዕድሜያቸው ወደ 50 የተጠጋ የከባድ መኪና ነጂ ናቸው። እውነቱን እንናገርና፥ ሳቅንባቸው። ደንግጠው ክራሩን በጋቢያቸው ሸፈኑት። በማግሥቱ ልጃቸው ይቅርታ ጠይቆ ስለ ምን እንደ ደበቁት ቢጠይቃቸው፥ «መንገድ ላይ ሳድር የሰማሁት ድምፅ እንዴት እንደሚወጣ ለማወቅ ፈልጌ ነው፤ በዚህ ዕድሜው ምን ነካው እንዳልባል ግን ፈራሁ» አሉት። ዛሬ ክራራቸውን በትዝታ ቅኝት ያለ ረዳት ይቃኛሉ። ስለ ቅኝት በደብተራችን የጻፍነው እኛ ግን ይህን አንችልም።

ዕድሜ ለጥበብ አጥር እንዳልሆነ ምስክር አለ። አና ሜሪ ሮበርትሰን ሞዝስ የተባሉ አሜሪካዊት የገበሬ ሚስት በክር ሥዕል ይጠልፉ ነበር። ቁርጥማት እጃቸውን ቢያስቸግራቸው፥ 70 ዓመት ካለፋቸው በኋላ መርፌውን ትተው ብሩሽ አነሡ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1940 በ80 ዓመታቸው ሥዕሎቻቸው በኒውዮርክ ለብቻቸው ለሕዝብ ታዩ። የእኛም ሐዲስ ዓለማየሁ በመንግሥት ሥራ ብዙ ዘመን ካገለገሉ በኋላ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ 50 ዓመት አልፏቸው ነበር።

ሁሉም ሰው ዝና ያገኛል ማለታችን አይደለም። የጓደኛችን አባት ነገም መኪናቸውን ይነዳሉ፤ ነገር ግን ማታ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የሚጠብቃቸው ያልተፈታ ጥያቄ አለ። ይህ ሰውን ያድሳል።

እኛም በቅርቡ ተፈትነን እንበታተናለን። ከመካከላችን «ከእንግዲህ መሐንዲስ ልሆን ነው» ብሎ የሥዕል ደብተሩን ለታናሽ ወንድሙ የሰጠ አለ። ሌላ ደብተር እንዲገዛ በፊታችሁ እንለምነዋለን።

ትምህርት ቤታችንንም አንድ ነገር እንለምናለን። የሥዕልና የሙዚቃ ክፍሎቻችን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተቆልፈው ይውላሉ። ለወላጆችና ለቀድሞ ተማሪዎች ቢከፈቱ፥ እስክንሄድ ድረስ ጽዳቱን እኛ እንሠራለን፤ ከእኛ በኋላም ታናናሾቻችን እንደሚቀበሉን እናምናለን።

ወላጆቻችን ሆይ፥ ያን ጊዜ ሳታፍሩ ኑ፤ ክራራችሁንም አትሸፍኑ። ከእንግዲህ አንስቅም።