ከግድቡ ሥር የሚሰርገው ውሃ፤ ስውር ገንዘብና የሕዝብ ምርጫ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




ስለ ብረትና ስለ ሲሚንቶ ሊናገር ይገባው የነበረ መሐንዲስ ስለ ምርጫና ስለ ገንዘብ ሊናገር መቆሙ አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አይቀርም። ይሁን እንጂ ጉዳዩ ከሙያችን የራቀ አለመሆኑን ለማስረዳት እንዲቻለኝ፣ አስቀድሜ ሁላችንም ከምናውቀው ከአንድ ግድብ ልነሣ። ዘመናቱን የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በአሜሪካ በአይዳሆ ግዛት የተሠራው የቲተን የአፈር ግድብ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ በሚሞላበት ወቅት፣ ጁን 5 ቀን 1976 ፈረሰ። 11 ሰዎችም ሞቱ። ግድቡን የጣለው በላዩ ሞልቶ የፈሰሰ ጎርፍ ሳይሆን፣ በውስጡ ሰርጎ አፈሩን ቅንጣት በቅንጣት እየሸረሸረ የወጣ ውሃ ነበር። በዚያው ዕለት ጧት የደፈረሰ ውሃ ከግድቡ ሲፈልቅ ታየ፤ ቀትር ሳይሞላ ግድቡ ተናደ። ማናቸውም የአፈር ግድብ ጥቂት ማሰረጉ አይቀርም፤ ጠርቶ የሚወጣው ውሃ ብዙም አያሰጋም። የደፈረሰው ግን የግድቡን አካል ይዞ የሚሄድ በመሆኑ መሐንዲሱን እንቅልፍ ይነሣዋል።

የሕዝብ ምርጫም እንዲሁ ነው። የውጭ መንግሥት በራዲዮ ቢናገር፣ በጋዜጣ ቢከራከር፣ ይህ በላይ የሚታይ ውሃ ነው፤ ሰሚው ተናጋሪውን ያውቀዋልና መልስ ይሰጠዋል። በስውር የሚገባ ገንዘብ ግን የራሱ ድምፅ የለውም፤ የአገሬውን ሰው ድምፅ ተውሶ ይናገራል። «ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» የሚለው ተረታችን፣ በምድር ሥርም መንገድ እንዳለው መጨመር የሚያስፈልገው ይመስለኛል።

ለዚህ ማስረጃ የምትሆነን ሞልዶቫ ናት። በሩማንያና በዩክሬን መካከል የምትገኝ፣ ሕዝቧ 2.4 ሚሊዮን ያህል የሆነ አነስተኛ አገር ናት። በ2014 ከሦስት ባንኮቿ 1 ቢሊዮን ዶላር ያህል ተዘርፎ ጠፋ፤ ይህም ከዓመታዊ ጠቅላላ ምርቷ 12 በመቶ ገደማ ነበር። በዚሁ ጉዳይ የተከሰሰው ነጋዴና ፖለቲከኛ ኢላን ሾር ከአገር ከወጣ በኋላ፣ በ2023 በሌለበት 15 ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ ኋላም ሞስኮ ሆኖ የፖለቲካ ሥራውን ቀጠለ።

ኦክቶበር 20 ቀን 2024 የሞልዶቫ ሕዝብ፣ የአውሮፓ ኅብረት አባል የመሆን ዓላማ በሕገ መንግሥቱ ይጻፍ ወይስ አይጻፍ በሚለው ጉዳይ ድምፅ ሰጠ። የአገሪቱ ፖሊስ እንዳስታወቀው፣ በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ብቻ 39 ሚሊዮን ዶላር ያህል፣ ፕሮምስቪያዝባንክ በተባለው የሩሲያ መንግሥት ባንክ በኩል ከ130 ሺህ ለሚበልጡ ሰዎች ተከፋፍሏል። ከዚያም ቀደም ብሎ በአፕሪል ወር፣ ከሞስኮ የተመለሱ መንገደኞች እያንዳንዳቸው ማስታወቅ ግዴታ ከሚሆንበት ከ10 ሺህ ዩሮ ትንሽ ዝቅ ያለ ገንዘብ ይዘው ሲገቡ፣ በአንድ ጊዜ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ በአውሮፕላን ጣቢያ ተይዟል። ሞስኮ እጄ የለበትም ስትል አስተባብላለች፤ ሾርም ክፍያው ከሕግ ውጭ አይደለም ብሏል።

ውጤቱ ምን ሆነ? «ይጻፍ» ያሉት 50.35 በመቶ ሆነው አሸነፉ፤ የድምፁ ልዩነት ግን 11 ሺህ እንኳ አልሞላም። ገንዘብ የተቀበለው ሁሉ እንደ ታዘዘው መረጠ ለማለት አይቻልም። ነገር ግን ተከፋዮቹ ከውጤቱ ልዩነት 12 እጥፍ ያህል መሆናቸው፣ ግድቡ በምን ያህል ውፍረት እንደ ቆመ ለማንኛውም መሐንዲስ ግልጽ ነው።

የተቀበሉትን ሰዎች ከሐዲ ብሎ መጥራት ቀላል ነው። እኔ ግን አልደፍርም። ሥራ በጀመርኩበት ዘመን አንድ የዕቃ አቅራቢ «ለበዓል መዋያ» ብሎ ፖስታ አመጣልኝ። ምንም አልጠየቀኝም። አለመጠየቁም አዘናግቶኝ ተቀበልሁት። ጥያቄው የመጣው ከሦስት ወር በኋላ፣ የጥራት ፈተናውን ያላለፈ ዕቃ ይዞ በቀረበ ጊዜ ነው። ፖስታውን መልሼ ዕቃውን አልቀበልም አልሁ፤ ሆኖም ያን ቀን እጄ እንደ ተንቀጠቀጠ አልረሳውም። ደመወዝ የነበረኝ እኔ እንዲህ ከሆንሁ፣ ጡረታው ለክረምት ማገዶ የማይበቃው የሞልዶቫ ሽማግሌ እንዴት ይፈረድበታል? ስውር ገንዘብ የሚሰርገው ድህነት ባላላው አፈር በኩል ነው።

ሚዛናዊ ለመሆን፣ ይህ የአምባገነኖች ብቻ ፈጠራ አለመሆኑን ማመን ይገባል። የአሜሪካ የስለላ ድርጅት በ1964 በተደረገው የቺሌ ምርጫ ወደ 3 ሚሊዮን ዶላር በስውር አውጥቷል። ይህን በ1975 ለዓለም የገለጸው ግን የአሜሪካ ሴኔት ራሱ ነው። ልዩነቱም እዚህ ላይ ነው፤ በአምባገነን አገር መዝገቡን ከፍቶ መንግሥቱን የሚመረምር ሸንጎ የለም።

መድኃኒቱም ቢሆን መጠን ይሻል። ለሴፕቴምበር 2025 የሞልዶቫ ምርጫ ሁለት ቀን ሲቀረው ሁለት ፓርቲዎች ከውድድር ታገዱ። ገዢው ፓርቲ ከ101 መቀመጫ 55ቱን አገኘ። እገዳው በማስረጃ የተደገፈ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን «የውጭ ገንዘብ» የሚለው ክስ ሥልጣን ላይ ያለው ወገን ተቃዋሚውን ሁሉ የሚመታበት ዱላ እንዳይሆን ያሰጋል። ግድብ ፈሳሽን ሁሉ በመድፈን አይድንም፤ የአፈር ግድብ ማጣሪያና ማስወጫ ቦይ የሚሠራለት ውሃው ጠርቶ እንዲወጣና እንዲለካ ነው። ስለዚህ ሕጉ ሊያስገድድ የሚገባው የሰጪው ስም፣ መጠኑና ቀኑ ከምርጫው በፊት እንዲገለጽ፣ ፈራጁም ከገዢው ነጻ እንዲሆን ነው።

ይህን የምለው ስለ ሩቅ አገር ብቻ አይደለም። የእኛም ማኅበር መዋጮ ይሰበስባል፤ ስጦታ ይቀበላል፤ መሪዎቹንም በድምፅ ይመርጣል። በመሆኑም ከመጪው ዓመት ጀምሮ የገቢያችን ምንጭ ሁሉ፣ ከሰጪው ስም ጋር፣ በዚሁ መጽሔት እንዲታተም ለጉባኤው ሐሳብ አቀርባለሁ። ውሃው ሳይደፈርስ መለኪያውን እንትከል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።