ንጽጽር በዓባይ ወዲህና ማዶ



የንጽጽር ፖለቲካ ተማሪ በዩኒቨርሲቲ አስቀድሞ የሚያገኘው የእንግሊዝን ፓርላማ፣ የፈረንሳይን ሪፑብሊክና የአሜሪካን ፕሬዚዳንት ነው። ይህን ማወቁ የሚነቀፍ አይደለም። ሆኖም ከጋይንት፣ ከስማዳ ወይም ከእስቴ የመጣው ልጅ፣ የአያቱ የርስት ሙግትና የግብር ወግ የዚሁ ትምህርት አካል መሆኑን ሳይረዳ ሊመረቅ ይችላል።

ጆን ስቱዋርት ሚል በ1843 እ.ኤ.አ. በሎጂክ መጽሐፉ እንዳስረዳው፣ በሁሉ የሚመሳሰሉ ሁለት ነገሮች በውጤት ቢለያዩ ምክንያቱ የሚገኘው በተለያዩበት ነጥብ ነው። (እርሱ ራሱ ዘዴው ለፖለቲካ እምብዛም እንደማይመች ማስጠንቀቁ አይዘነጋም።)

እስቴንና ስማዳን ከጎጃም የሚለያቸው ዓባይ ነው። እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ በወዲህም በማዶም ገበሬው በአባቱም በእናቱም በኩል ርስት ይጠይቅ ነበር፤ ቋንቋውም አንድ ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር በታወጀ ጊዜ ጎጃም፣ ሞጣ ጭምር፣ ነፍጥ አነሣ፤ መንግሥትም የጦር አውሮፕላን እስከ መላክ ደረሰ። ገብሩ ታረቀ በ1991 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ዓመፅ ከትግራዩ ቀዳማዊ ወያኔና ከባሌው ዓመፅ ጋር አነጻጽረዋል፤ ሦስቱም እጅግ የተራራቁ አገሮች ናቸው።

የቀረበው ንጽጽር ግን ወንዝ መሻገር ብቻ ይጠይቃል። የበጌምድሩ ገበሬ በዚያው ዓመት ከፈለ ወይስ አንገራገረ? ጭቃ ሹሙ ከማን ጋር ቆመ? መልሱ በመዝገብ ብቻ አይገኝም። በ1960 ዓ.ም. የ20 ዓመት ጎልማሳ የነበረው የነፋስ መውጫ ሰው ዛሬ ሰማንያውን ተጠግቷል።