«አርማ» ስለሚባለው ቃል አመጣጥ



ኢጣልያኖች የጦር መሣሪያን «አርማ» ይሉታል። ቃሉን የወረሱት ከላቲን ነው፤ ሥሩም «መግጠም፥ ማያያዝ» ማለት ነው። ስለዚህ በጥንት «አርማ» የተባለው በሰውነት ላይ የሚገጠመው ትጥቅ፥ ይልቁንም ጋሻው ነበር፤ የሚወረወረው ጦር «ቴላ» የሚባል ሌላ ስም ነበረው። ቆይቶ ግን ቃሉ የሚገድለውንም የሚከላከለውንም ጠቀለለ። «አላርሜ!» ማለትም «ወደ መሣሪያ!» የሚለው የጭፍሮች ጩኸትም ዛሬ አላርም ለምንለው ማስጠንቀቂያ ስም ሆነ።

በጋሻ ላይ ይሣል የነበረው የመሳፍንት ምልክትም በዚሁ ስም ተጠራ። በመሥሪያ ቤታችን ደብዳቤ ራስ ላይ የምናየው «አርማ» የዚሁ ቃል ዘመድ ነው። እንግዲህ ከአርማው በታች ፊርማችሁን ስታኖሩ ይህን አስቡ፤ ጋሻ የተሠራው ከኋላው ያለውን ሊጠብቅ ነውና፥ ባለጉዳይን ለማስፈራራት አናንሣው።