መህራችን የት ተጻፈ?

(ለአዋሽና ለሰመራ አባላት የግማሽ ዓመት ስብሰባ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)

ሙስሊም ያልሆናችሁ አባሎቻችንም እዚህ አላችሁ። የዛሬው ጉዳይ ስለ ኒካ ስለሆነ እናንተን የማይመለከት ሊመስላችሁ ይችላል። ስለ ወረቀትና ስለ ፊርማ የምንለው ግን ሁላችንንም ይነካልና ታገሡን።

ርእሱ የመጣው ከብድር መጠየቂያ ቅጻችን ነው። ቅጹ ላይ «በሌላ ሰው ላይ ያለሽ ገንዘብ» የሚል መስመር አለ። እኛ የሒሳብ ሰዎች ተሰብሳቢ እንለዋለን። አባሎቻችን እዚያ ላይ የሱቅ ዱቤ ይጽፋሉ፣ ለጎረቤት ያበደሩትን ይጽፋሉ፣ የፍየል ሽያጭ ቀሪ ሒሳብ ይጽፋሉ። ቅጾቹን አንድ በአንድ ስናገላብጥ ያልተከፈለ መህሯን የጻፈች አንዲት ሴት አላገኘንም። ቡና ላይ ስንጠያየቅ ግን ብዙዎቻችን መህራችን ወይ ጨርሶ አልተከፈለንም ወይ ገሚሱ ቀርቷል። እንዲያውም ስንት እንደተባለ የማናውቅ አለን። «ሸሁና አባቴ ያውቃሉ» እንላለን። ሸሁም አባታችንም ወደ አኼራ ከሄዱ ማን ያውቃል?

መህር ዕዳ ነው። በሱረቱ ኒሳእ አራተኛው አንቀጽ መህር ለሴቶቹ ይሰጥ ዘንድ ያዛል። ለአባቷ ወይም ለወንድሟ አይልም። ባል ሊበላው የሚችለው እሷ ወድዳ፣ ልቧ ፈቅዶ የተወችለትን ብቻ ነው። በዚያው ሱራ ሃያኛው አንቀጽ ደግሞ አንዷን ፈትቶ ሌላ ማግባት የፈለገ ሰው፣ ለመጀመሪያዋ የሰጣት የወርቅ ክምር ቢሆን እንኳ ከእሱ ምንም እንዳይወስድ ይከለክላል። ወደ አባቷ ቤት የተነዳው ግመልና ፍየል ሌላ ነገር ነው። ያ የቤተሰብ ነው። መህሩ የእሷ ነው፣ ሁለቱ አንድ መዝገብ ላይ አይገቡም።

በአብሱማ ያገባን ደግሞ ሌላ ነገር እናውቃለን። የአክስት ልጅ ስለሆነ፣ የአንድ ቤት ነገር ስለሆነ፣ መህሩ በአፍ ተጠርቶ ይታለፋል፤ አንዳንዴም አይጠራም። ሽማግሌዎቻችንን እናከብራለን፣ መድዓ ስንት ደም ያበረደ ሕግ ነው። ሆኖም ዑለሞች እንደሚሉት መህር ሳይጠራ ቢቀር መብቱ አይጠፋም፤ ለእህቶቿና ለአክስቶቿ የተከፈለው ታይቶ የእሷን አቻ ይታሰብላታል። መህረል ሚስል የሚሉት ይህን ነው። ፈቃድም እንደዚሁ። አባቷ ሳትወድ የዳራት ኸንሳእ ቢንት ኺዛም ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሄዳ ብታመለክት ጋብቻው ፈርሶላታል። ይህ በሰሒሕ አል ቡኻሪ ያለ ነው። ስለዚህ «አብሱማሽ ነው፣ አለቀ» ለምትባል ልጅ የምንላት አለን ማለት ነው። ከ18 ዓመት በታች ከሆነች ደግሞ ነገሩ የፈቃድ ጥያቄም አይደለም፤ በሀገሪቱ ሕግ ክልክል ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ።

ኒካ ሲታሰር መህሩ ወዲያው የሚከፈልና የሚዘገይ ተብሎ ሊከፈል ይችላል። በዐረብኛ የመጀመሪያው ሙዐጀል፣ ሁለተኛው ሙአጀል ይባላል። በፊደል ዐይኑና አልፉ ይለያያሉ፤ በእኛ አፍ ግን አንድ ናቸው። (ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ በዚህች አንዲት ፊደል የተጣሉ ባልና ሚስት አሉ።) ስለዚህ በአማርኛ ወይም በአፋርኛ፣ «ዛሬ የተከፈለ ይህን ያህል፣ የቀረው ይህን ያህል፣ የሚከፈለውም በዚህ ጊዜ» ተብሎ ይጻፍ። ጊዜው ካልተጻፈ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ፍቺ ወይም ሞት ሲመጣ ነው። ያኔ ደግሞ ሰው ሁሉ ይረሳል።

በምን ይጻፍ? በዚህ ላይ የሒሳብ ክፍሉ ጠንካራ አቋም አለው። የሚዘገይ መህር በብር አይጻፍ። በ1995 ዓ.ም. 3,000 ብር መህር ተጽፎላት የነበረች እህት፣ ያኔ ዶላር ከ9 ብር በታች ስለነበር፣ ከ330 ዶላር በላይ ነበራት። በሐምሌ 2016 የምንዛሪው ለውጥ ከመጣ በኋላ ዶላሩ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዛሬ ያ 3,000 ብር 30 ዶላር አይሞላም። ባልየው ምንም አልበደለም፣ ቃሉን ጠብቆ ቢከፍላት እንኳ ከመህሯ አንድ አሥረኛው አልደረሳትም። በግራም ወርቅ የተጻፈላት ግን፣ «የ21 ካራት 20 ግራም» የተባለላት፣ የያኔውን ወርቅ ዛሬም ታገኛለች። ካራቱ መጻፍ አለበት። በከብትም ይቻላል። ገጠር ላሉ ዘመዶቻችን ይህ ይቀላል። የግመሏ ዕድሜና ጾታ ግን ይጻፍ፤ «ሁለት ግመል» ብቻ ከተባለ የሚመጣው ምን ዓይነት ግመል እንደሆነ እናውቃለን።

ባል ሲሞት ደግሞ እንይ። ውርስ ከመከፋፈሉ በፊት የቀብር ወጪና ዕዳ ይነሣል፤ መህርም ዕዳ ነው። ከቀብር በኋላ 400,000 ብር የተረፈ ቤት እናስብ፤ ልጆች አሉ፣ ሚስት አንድ ናት። መህር የሚባል ነገር ካልተነሣ የሚስት ድርሻ አንድ ስምንተኛ፣ 50,000 ብር ነው። 80,000 ብር የሚያወጣ ያልተከፈለ መህር በወረቀት ካለ ግን መጀመሪያ 80,000ው ይነሣላታል። ከቀረው 320,000 ስምንተኛው 40,000 ነው። በድምሩ 120,000 ብር። ልዩነቱ 70,000 ብር ነው፤ ይህ በእኛ ማኅበር ሱቅ የሚያስከፍት ብር ነው። ሚስቶቹ ሁለት ከሆኑ ስምንተኛውን ይካፈሉታል፤ መህራቸውን ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ነው የሚጠይቁት። ዓይናችን እያየ ያለፈ ነገርም አለ፦ ሬሳው ሳይወጣ ሴቲቱን ከብበው «መህርሽን አውፍ በይው» ይሏታል። በዚያ ሰዓት የሚወጣ «እሺ» ከልብ የተሰጠ ነው ብሎ የሚምል ሰው ካለ እኛ አላየነውም።

ይህ ከማንም በላይ የሚነካው የጅቡቲ መስመር ሾፌር ሚስቶችን ነው። ሰውዬው አዋሽ ቤት አለው፣ ሎግያ ወይም ሚሌ ሌላ ቤት አለው። የሁለተኛዋ ኒካ ሌሊት፣ በሁለት ምስክር፣ ምስክሮቹም ሾፌሮች። መኪናው በተገለበጠ ማግስት የመጀመሪያዋ ቤተሰብ «ሚስት አናውቅም» ይላል፣ ምስክሮቹ መንገድ ላይ ናቸው። ከአባሎቻችን አንዷ የሁለት ልጆቿን አባት ለማስመስከር ብቻ አንድ ዓመት ተመላልሳለች። ልጆቹ ፊታቸው እሱን ነው፤ ፍርድ ቤት ግን ፊት አይቶ አይወስንም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ነው፤ በሃይማኖት የታሰረ ጋብቻም ይመዘገባል። ኒካው በሸሁ ቢታሰርም ቀበሌ ሄዶ ማስመዝገብ ኒካውን አያጎድለውም። ባልሽ «ወረቀት ምን ያደርግልሻል፣ አታምኚኝም?» ካለሽ፣ መኪናው ራሱ ሊብሬ እንዳለው አስታውሺው።

ፍቺ ላይ አንድ ቃል ተጠንቅቀን እንስማ፦ ኹልእ። ባል ራሱ ከፈታ፣ አብረው ከኖሩ በኋላ ሙሉ መህሯ ይገባታል፤ ሳይገናኙ ከሆነ ግማሹ። ኹልእ ግን ሴቲቱ ራሷ መውጣት ስትፈልግ ያገኘችውን መልሳ የምትለያይበት መንገድ ነው። የሳቢት ኢብን ቀይስ ሚስት የተሰጣትን የአትክልት ቦታ መልሳ እንደተለየችው ማለት ነው። ይህ ለሴት የተከፈተ በር ነው፣ አልሐምዱ ሊላህ። የከፋው፣ መፍታት የፈለገ ባል መህሩን ላለመክፈል ሲል ቤቱን እሳት ያደርግና «አንቺ ጠይቂ» ማለቱ ነው። የሰጡትን ለማስመለስ ሚስትን ማስጨነቅ በዚያው በሱረቱ ኒሳእ 19ኛ አንቀጽ የተከለከለ ነው። ባል ቀለብ ሳይሰጥ ሲጠፋ ወይም ሲጎዳት ደግሞ ቃዲው ጋብቻውን የሚያፈርስበት ፈስኽ የሚባል ሌላ መንገድ አለ። ስለዚህ ቃዲ ፊት ስትቀርቡ ማመልከቻው ላይ የተጻፈው የትኛው ቃል እንደሆነ ሳይነበብላችሁ አትፈርሙ።

ስለ ፊርማ ካነሣን፣ ሸሪዓ ፍርድ ቤት በር ላይ የምንፈርመው ሌላ ወረቀትም አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ ይፈቅዳል፤ ግን በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ብቻ። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 188/1992 ይህንኑ ዘርዝሮታል። ፈቃድ ከሌለ ጉዳዩ ወደ መደበኛ ፍርድ ቤት ይሄዳል። አንዴ ከተፈቀደ በኋላ ግን መመለስ የለም። በዚህ አዋጅ መሠረት መጥሪያ ደርሷት ያልቀረበች ሴት ደግሞ እንደፈቀደች ትቆጠራለች! አፍራ ወይም ተቆጥታ ቤቷ የቀረች እህት «አልሄድኩም፣ አልተስማማሁም» ስትል፣ መዝገቡ ተስማማች ይላል። መጥሪያ ከመጣ መሄድ ነው፤ እምቢታም ቢሆን እዚያው ቀርቦ ነው የሚነገረው። እምቢታ ደግሞ ዋጋ አለው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የውርስ ክርክር «አንፈቅድም» ያሉ ሰዎች ጉዳያቸው በሸሪዓ ፍርድ ቤት ታይቶ ነበር። በ1996 ዓ.ም. የፌዴሬሽን ምክር ቤት ያ ያለ ፈቃዳቸው የተሰጠ ውሳኔ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሏል።

አብዛኞቻችን ሸሪዓን እንመርጣለን፣ እምነታችን ነው። ብትመርጡ ግን ሒሳቡን አውቃችሁ ይሁን። በመደበኛው ሕግ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል፣ በፍቺም እኩል ይካፈላል። በሸሪዓ የባል የባል ነው፣ የሚስት የሚስት ነው። የራሷ ሱቅ ላላት ሴት ይህ ጋሻ ነው፤ ባል ከሱቋ ሳንቲም አይደርሰውም፣ ቀለብ ማቅረቡም የእሱ ግዴታ ነው። በወተትና በሻይ ሽያጭ ቤት አሠርታ ካርታውን በባሏ ስም ያወጣች ሴት ግን፣ ድርሻዋን በማስረጃ ካላሳየች ባዶ እጇን ልትወጣ ትችላለች። ሲሚንቶ የገዛሽበት ደረሰኝ በማን ስም ነው? የባንክ ዝውውሩስ? እዚህ ላይ ነው የቁጠባ ደብተራችሁ ከወርቅ የሚበልጠው። ደብተሩ በየወሩ ስንት እንዳወጣችሁ በቀን ይመሰክራል።

የወረቀቱ ማስቀመጫም ነገር አለ። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ፈንታሌ ዙሪያ መሬቱ ሌት ተቀን ሲንቀጠቀጥ ሕዝቡ ልጆቹንና ከብቱን ይዞ ነው የወጣው፤ የኒካ ወረቀት ያስታወሰ ጥቂት ነው። ስለዚህ የአዋሽ አባላት ቅጂ ሰመራ ጽሕፈት ቤት፣ የሰመራ አባላት ቅጂ አዋሽ ይቀመጣል። በፖስታ ታሽጎ፣ ከባለቤቷ በቀር ማንም የማይከፍተው። እኛም አናነበውም።

የብድር ቅጹ ላይ «ያልተከፈለ መህር» የሚል መስመር ከዚህ ወር ጀምሮ ጨምረናል። ለብድር መያዣ አንጠይቀውም፣ ባልንም አንጠራበትም። ከሥሩ ክፍት ቦታ ትተናል፦ መጠኑ፣ በምን እንደሆነ፣ ምስክሮቹ እነማን እንደሆኑና ዛሬ የት እንዳሉ። ማንበብ የማይመቻቸው እናቶች ቁርሱ ካለቀ በኋላ በቀኝ በኩል ካለው ጠረጴዛ ይምጡ፣ በአፋርኛም በአማርኛም እየጠየቅን እንጽፍላቸዋለን። ባሎቻቸው ቀሪውን በትንሽ በትንሹ ሊከፍሉ የተስማሙላችሁ ደግሞ ሁለት ቅጂ ያለው የደረሰኝ ጥራዝ አስመጥተናል፤ አንዱ ቅጂ ለእሱ ይሰጣል፣ እሱም የከፈለበት ማስረጃ ይፈልጋልና።